ጠመዝማዛና ነፋሻማ የባሕር ዳርቻ መንገድ ከልጆች ጋር፦ 320 ኪሎ ሜትር በሁለት ቀን ይሆናል?

የሦስት ልጆች እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር የባሕር ዳርቻውን ተከትሎ በሚሄድ መንገድ ልንጓዝ አስበናል። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ነው። በአንዱ ጎን ገደልና ባሕር፣ በሌላው ጎን ተራራ፣ ለመሄጃና ለመምጫ አንድ አንድ መስመር ብቻ ያለው አስፋልት። ኩርባው የበዛ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል ይባላል። መኪና በቀኝ የሚነዳበት አገር ነው።

መኪናችን ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። ልጆቹ 11 ዓመት፣ 6 ዓመት እና አንድ ዓመት ተኩል ናቸው። የስድስት ዓመቷ ኩርባ ላይ ታስመልሳለች። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ገደል ስታይ ትጨነቃለች። ሦስተኛውን ረድፍ ወንበር ስናነሣ ለሻንጣ ቦታ ስለማይተርፍ ፖርቶመጋላው ላይ ሳጥን ልንጭን ነው።

ሁለት ቀን ይበቃል? ማን የት ይቀመጥ? ሳጥኑ በዚያ ነፋስ ያሰጋል? መንገዱን የምታውቁት ሳይሆን እንዲህ ዓይነቱን መንገድ የምታውቁ መልሱልኝ።


ፍሬንና ማርሽ፦

እህቴ፣ ከርቀቱ ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የሚበላሸው ከዚያ ነው። የዳርቻ መንገድ በኪሎ ሜትር አይለካም፣ በሰዓት ነው የሚለካው። ኩርባ በኩርባ ላይ በሚደራረብበት መንገድ በአማካይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ጥሩ ሄዳችኋል። 320 ለ40 ሲካፈል ስምንት ሰዓት ነው፤ ይህ መንዳት ብቻ ነው። ሕፃን ይዛችሁ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ መቆም ግድ ይላችኋል፤ አንዱ መቆሚያ ዳይፐር ተቀይሮ፣ ሽንት ቤት ተሂዶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከ30 ደቂቃ በታች አያልቅም። ስለዚህ በሁለት ቀን ካላችሁ በቀን አራት ሰዓት መንዳት፣ አንድ ሰዓት አጫጭር መቆሚያ፣ ለምሳና ለአሸዋው ሦስት ሰዓት፣ በድምሩ ስምንት ሰዓት ነው። ይቻላል። ነገር ግን አንድ ነገር ሲዘገይ የሚበላው የመጨረሻውን ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ በጨለማ፣ በደከመ ሹፌር፣ በሚያለቅሱ ልጆች ነው ኩርባውን የምትጨርሱት። ስልክ ላይ ያለው ካርታ የሚነግራችሁ ሰዓት መቆሚያውን አይቆጥርም፤ ከፊታችሁ የሚያዘግመውን ካምፐርም (መኝታ ያለውን ትልቅ የጉዞ መኪና) አያውቀውም።

ሦስት ቀን አድርጉት። የመጀመሪያው ቀን 90 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ የመነሻ ቀን ጭነት ሁልጊዜ ያዘገያል። ሁለተኛው 130፣ ሦስተኛው 100። ሦስተኛ ቀን ከሌላችሁ ከመንገዱ ቁረጡ እንጂ ከመቆሚያው አትቁረጡ። ውብ የሆነውን 160 ኪሎ ሜትር በዳርቻው ሂዱና የቀረውን በውስጥ በኩል ባለው አውራ ጎዳና ጨርሱት።

አቅጣጫም ለውጥ ያመጣል። በቀኝ በሚነዳበት አገር ባሕሩ በቀኛችሁ እንዲሆን አድርጋችሁ ሂዱ። መመልከቻ ቦታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በባሕሩ በኩል ስለሆኑ በቀኝ ገብታችሁ በቀኝ ትወጣላችሁ። በተቃራኒው ከሄዳችሁ በእያንዳንዱ መቆሚያ ከፊት የሚመጣውን መስመር መቁረጥ አለባችሁ፤ ኩርባው ደግሞ የሚመጣውን መኪና ይደብቅባችኋል። መነሻችሁ በተሳሳተው ጫፍ ከሆነ በውስጥ መንገድ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሂዱና በዳርቻው ተመለሱ። የዚህ ጉዳቱ ገደሉ ለመኪናው መቅረቡ ነው፤ እናትሽ በግራ በኩል፣ ከሹፌሩ ጀርባ ይቀመጡ። ከዚያ ሲያዩ በቅርብ የሚታያቸው ተራራው ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ምሽት የአገሩ የመንገድ ባለሥልጣን የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታ እዩ። ገደል ላይ የተሠራ መንገድ ከዝናብ በኋላ ናዳ ይዘጋዋል፤ ተራራውን አቋርጦ የሚወጣ ሌላ መንገድ ከሌለ መመለስ እንጂ መዞር የለም። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ ሙሉት። ካርታውንም ስልኩ ላይ አውርዱት፤ ተራራው ኔትወርኩን ይከልላል።

አሁን ወደ ፍሬን። ስድስት ሰውና ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር እግሩን ከፍሬን ላይ ካላነሣ ሸራውና ዲስኩ የሚቀዘቅዙበት ጊዜ አያገኙም። መፍትሔው ከባድ ማርሽ ነው። ገና አናቱ ላይ ሳላችሁ፣ ያንኑ ቁልቁለት ሽቅብ ብትወጡት በምትጠቀሙበት ማርሽ ግቡ። አውቶማቲክ ላይ ከ‹ዲ› ወደ ‹ኤል› ወይም ወደ ‹2› ማውረድ፣ አለዚያ በእጅ በሚቀየረው በኩል ዝቅ ማድረግ ነው፤ ሃይብሪድ (በነዳጅና በባትሪ የሚሄድ መኪና) ብዙውን ጊዜ ‹ቢ› የሚል አለው። ሞተሩ ቢጮህ አትደንግጡ፤ መርፌው ቀዩ ጋ እስካልደረሰ ድረስ ምንም አይሆንም። በፎሌ (ማርሹን አውጥቶ) መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉትን አትስሙ። በዘመናዊ ሞተር ማርሽ እንደገባ እግር ከነዳጅ ሲነሣ ነዳጁ ይቋረጣል፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል፣ መኪናውንም የሚይዘው ነገር አይኖርም።

ማርሹ ብቻውን ካልያዘው እንዲህ አድርጉ፦ የምትፈልጉት ፍጥነት 50 ከሆነ፣ 50 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ወደ 40 አውርዱትና እግራችሁን ሙሉ በሙሉ አንሡ። እንደገና 50 ሲደርስ ድገሙት። እግርን አሳርፎ መውረድ ግን ሸራ መጥበስ ነው።

ፍሬን ሲደክም ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን እግር ይነግራል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለና የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ የጋለው ሸራው ነው። ደጋግሞ መርገጥ አይረዳም፤ ማርሽ መቀነስና የመጀመሪያው መቆሚያ ላይ ወጥቶ ማቀዝቀዝ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ታች ከገባ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ገብቷል። ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ መርገጥ ግፊቱን ሊመልሰው ይችላል፤ ጎን ለጎን ማርሽ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ በቀስ ሳቡ። በሁለቱም ከቆማችሁ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ዲስኩ ላይ ውኃ እንዳታፈሱ፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ለዚያው ዘይት የሚፈቀደው ዝቅተኛ ነጥብ 155 ነው። ሁለት ዓመት ካለፈው ከጉዞው በፊት ይቀየር። ይህን ሥራ ጋራዥ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ከዝግጅቱ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።


የሕፃናት ነርስ፦

ስለ ማስመለሱ እኔ ልመልስ። ውስጠኛው ጆሮ ‹እየተንቀሳቀስን ነው› ሲል ዓይን ደግሞ የፊት ወንበር ጀርባ ወይም ስክሪን እያየ ‹ቆመናል› ሲል አንጎል ይምታታል። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ዓይኗ መንገዱን እንዲያይ ማድረግ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ላይ ብዙም አይታይም፤ የሚበረታው ከሁለት እስከ 12 ዓመት ባሉት ነው።

አቀማመጡ፦ ሦስተኛው ረድፍ ከኋላ ጎማ በላይ ወይም ከእሱ ኋላ ስለሚውል ከሁሉም በላይ የሚወዛወዘው እሱ ነው፤ ስድስት ዓመቷን እዚያ አታስቀምጧት። ሁለተኛው ረድፍ መካከል ላይ፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል መንገዱን እያየች ትቀመጥ። ይህ የሚሆነው ግን መካከለኛው ወንበር ደረትንም ወገብንም የሚይዝ ቀበቶ ካለውና የከፍታ መቀመጫዋ በልኩ ከተቀመጠ ብቻ ነው። እናትሽ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ሕፃኑ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ በቀኝ። የ11 ዓመቱ ልጅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብቻውን ይሁን፤ እሱም ከገረጣ ከእናትሽ ጋር ከመለዋወጥ ይልቅ ጉዞውን አሳጥሩት። ትንሿ መንገዱን በደንብ እንድታይ ተብሎ ፊት ለፊት እንዳትቀመጥ። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የኋላ ወንበር ይሻላል፤ ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን መቀመጫ ደግሞ የሚሠራ ኤርባግ ፊት ፈጽሞ አይቀመጥም።

ምግብ፦ ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም ያባብሰዋል። ከመነሣታችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላ ቀለል ያለ፣ ቅባት የሌለው ነገር ትብላ። በመንገድ ላይ ውኃ በትንሽ በትንሹ። ታብሌትና መጽሐፍ ኩርባው እስኪያልቅ ድረስ ይቀመጡ፤ ታሪክ በጆሮ ማዳመጥ ግን ጥሩ ነው።

መድኃኒት ካስፈለገ ዳይመንሃይድሪኔት (በድራማሚን ስም የሚሸጠው) ከጉዞው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይሰጣል፤ ማስመለስ ከተጀመረ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች የተለመደው መጠን በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን በየስድስት እስከ ስምንት ሰዓቱ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ150 አይበልጥም። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። ክብደቷንና የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ነግራችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሞክሩት፤ አብዛኛውን ልጅ ያስተኛል፣ አንዳንዱን ግን ያቅበጠብጠዋል፤ ይህን ገደል ዳር ከምታውቁት ቤት እወቁት። የሚነዳ ሰው ግን አይውሰደው።

ምልክቱን አስቀድሞ ማየት ከሁሉም ይበልጣል። ስታወራ የነበረች ልጅ ዝም ትላለች፣ ታዛጋለች፣ ምራቋን ደጋግማ ትውጣለች፣ ከከንፈሯ ዙሪያ ትገረጣለች። ዝምታዋን ‹እንቅልፍ ወሰዳት› ብላችሁ አትለፉት። መስኮት ክፈቱ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አድርጉ፣ በሚቀጥለው መቆሚያ ውጡ። ኩርባ ላይ ግን አትቁሙ፤ ክዳን ያለው ሰፊ ዕቃና በዚፕ የሚዘጋ ፕላስቲክ እጇ ሥር ይኑር። ቅያሪ ልብሷ መኪናው ውስጥ እንጂ ጣሪያው ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ አይግባ።

መቀመጫው ከቆሸሸ ጨርቁን አውልቃችሁ እጠቡ። የመቀመጫውን ቀበቶዎች ግን አትዘፍዝፉ፣ ማሽን ውስጥም አትክተቱ፤ ክሩ ይላላል። ለስላሳ ሳሙናና እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ወንበሩ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ አድርቃችሁ ጥረጉት፤ ሽታው ከቀረ ሌሎቹንም ያስመልሳቸዋል።

ለሹፌሩም አንድ ነገር፦ የሚያሳምመው ኩርባው ብቻ አይደለም፣ የፍጥነት መለዋወጡ ነው። ከኩርባው በፊት ፍጥነት ቀንሶ መጨረስ፣ ኩርባው ውስጥ እግርን አለመቀያየር፣ መሪው ሲቃና ቀስ ብሎ መጨመር። የተሳፋሪዎች ጭንቅላት ግራና ቀኝ እየወደቀ ከሆነ ፈጥናችኋል።


ጭነት ያዥ፦

ወደ ነፋሱ። ነፋስ መኪናን የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፣ በካሬው ነው የሚጨምረው። 40 የነበረው ነፋስ 80 ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ ቀጥ ብሎ እኩል ሲመጣ እጅ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው ድንገት ሲመጣ ነው። የት እንደሚመጣ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል፦ መንገዱ በተቆረጠ ዐለት መካከል አልፎ ሲወጣ፣ ወደ ባሕሩ የወጣውን አፍንጫ ሲዞር፣ ሸለቆ የሚያሻግር ድልድይ ላይ፣ ከትልቅ መኪና ጋር ስትተላለፉ። እነዚህ ቦታዎች ጋ ሳትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ፤ መሪውን በሁለት እጅ፣ ሰዓት ላይ 9 እና 3 ባሉበት ቦታ ያዙ። መኪናው ሲገፋ በኃይል አትመልሱት። ነፋሱ በድንገት ሲቆም የመለሳችሁት መሪ ወደ ተቃራኒው ይወስዳችኋል።

ነፋሱን በዓይን መለካት ይቻላል። በቦፎርት መለኪያ ዛፍ በሙሉው ሲወዛወዝና በነፋሱ አንጻር መራመድ ሲከብድ ከ50 እስከ 61 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ቅርንጫፍ ሲቀነጠስ ከ62 እስከ 74። በመጀመሪያው ሳጥን የጫነ መኪና ከ60 በላይ አይነዳ። በሁለተኛው ቁሙ፤ ምሳ ብሉ፣ ጠብቁ።

ከሰዓት በኋላ የሚበረታው በምክንያት ነው። የብሱ ከባሕሩ ፈጥኖ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ይወጣል፣ ቀዝቃዛው የባሕር አየር ይተካዋል። ረፋዱ ላይ ይጀምራል፣ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበርዳል። ገደሉና ድልድዩ የበዛበትን ክፍል ከምሳ በፊት ጨርሱ።

ከነፋስ ጋር ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳት የሚደርሰው መኪናው ቆሞ ነው፤ በር ላይ። የመኪና በር ማጠፊያው በፊት በኩል ስለሆነ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ በሩን እንደ ሸራ ይይዘውና ከእጅ ይነጥቀዋል። በሩን ገድቦ የሚይዘው ብረት ይጣመማል፤ የበሩ የፊት ጠርዝ ከፓራፋንጎው ጋር ይጋጫል፣ ከዚያ በኋላ በሩ በደንብ አይዘጋም። ልጅ ከፍቶት ከሆነ ልጁንም ይዞት ይሄዳል። መመልከቻ ቦታ ላይ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ነፋሱ አዙራችሁ አቁሙ፤ ያን ጊዜ ነፋሱ በሩን ወደ መዝጊያው ይገፋዋል። አንድ በር ተዘግቶ ሌላው ይከፈት። የልጆቹ በር ከውስጥ እንዳይከፈት የሚቆልፈውን ቁልፍ፣ በሩ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ ቀድማችሁ አዙሩት።


የሦስት ልጆች እናት፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ብዙ ነገር ቀየራችሁልን። ሦስት ቀን አድርገነዋል። ‹ጭነት ያዥ› ወንድሜ፣ መመሪያው መጽሐፍ ጣሪያው 75 ኪሎ ይይዛል ይላል፤ ሳጥኑም ላይ 75 ኪሎ የሚል ተጽፏል። ሳጥኑ ራሱ 18፣ ሁለቱ ብረቶች 6 ኪሎ ናቸው። እንግዲህ 75 ኪሎ ዕቃ እንጫን ማለት ነው? ደግሞ ከነፋሱ ለመቅደም ጠዋት 12 ሰዓት ብንነሣስ?


ጭነት ያዥ፦

አይደለም። የጣሪያው 75 ኪሎ ብረቶቹንና ሳጥኑን ይጨምራል። 75 ሲቀነስ 24፣ ለዕቃ የቀረው 51 ኪሎ ነው። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ሳጥኑ የሚችለውን እንጂ ጣሪያው የሚችለውን አይናገርም፤ ብረቶቹም የራሳቸው ቁጥር ይኖራቸዋል፤ ሁልጊዜ ትንሹ ነው የሚገዛው።

51 ይችላል ማለትም 51 ይጫን ማለት አይደለም። ከላይ የተጫነ ክብደት መኪናውን ኩርባ ላይ ያጋድለዋል። ሳጥኑ ውስጥ ሰፊና ቀላል ነገር ይግባ፦ ብርድ ልብስ፣ ጃኬት፣ ዳይፐር። ውኃ፣ ጫማና የምግብ ዕቃ መኪናው ወለል ላይ ይሁን። ክብደቱ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይረፍ፣ ወደ ኋላ አይከማች። ብሎኖቹን 50 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ሞክሯቸው፤ አዲስ ማሰሪያ ቦታው ላይ ሲረጋ ትንሽ ይላላል። ክዳኑን ከዘጋችሁ በኋላ በሁለቱም ጎን በእጅ ወደ ላይ ሳቡት፤ አንዱ ቁልፍ ብቻ ከያዘ ክዳኑን ነፋሱ ያነሣዋል። የመኪናውን ከፍታ ከነሳጥኑ ለክታችሁ ሹፌሩ በሚያየው ቦታ ጻፉት፤ የፓርኪንግ ጣሪያ የሚመታው ሳጥኑን የረሳ ሰው ነው። ስኮርታ ጎማውና ክሪኩ ከሻንጣ ሥር ከሆኑም ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እዩ፤ የጎማውን ንፋስ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሩ ምሰሶ ላይ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ቁጥር ሙሉ።


ማዕበል ጠባቂ፦

በ12 ሰዓት መነሣቱን አልደግፍም። ነፋሱን ስትሸሹ ጭጋግ ውስጥ ትገባላችሁ። ባሕሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ዳርቻ እርጥብ ሞቃት አየር ከባሕሩ በላይ ሲያልፍ ይቀዘቅዝና ጭጋግ ሆኖ ገደሉ ላይ ይተኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ፀሐይ ስትበረታ ነው። ከ2 ተኩል እስከ 7 ሰዓት ያለውን ያዙ። ጭጋግ ከያዛችሁ ዝቅተኛውን መብራት አብሩ፤ ረጅሙ መብራት ከጭጋጉ ተመልሶ ዓይናችሁን ነው የሚወጋው። በቀኝ ጠርዝ ያለውን ነጭ መስመር ተከተሉ፤ መንገዱ ላይ ግን አትቁሙ።

ማንም ያላነሣው ደግሞ ባሕሩ ራሱ ነው። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚያሳስበኝ መንገዱ ላይ ካለው ይልቅ ልጆቹ ከመኪና ወርደው አሸዋው ላይ ሲሮጡ ያለው ነው።

በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። የቦታውን የሙላት ሰሌዳ ፈልጉና ዝቅ ከሚልበት ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ውረዱ፤ ዝቅ ባለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውጡ። ምክንያቱ ውኃው እኩል እየጨመረ አለመምጣቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀስ ይላል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ግን ከጠቅላላው ሙላት ግማሹ ይገባል። ከዐለት ሥር ዞራችሁ የገባችሁበት ትንሽ አሸዋ በዚያን ጊዜ መውጫው ይዘጋል። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሆነበት ሰሞን ልዩነቱ ይሰፋል።

ከመውረዳችሁ በፊት ከላይ ሆናችሁ 20 ደቂቃ ማዕበሉን እዩ። ማዕበል በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው፤ አሥር ደቂቃ ጸጥ ያለ ዳርቻ ቀጥሎ ከሁሉ የሚበልጥ ማዕበል ሊያመጣ ይችላል። ዐለቱ እርጥብ ከሆነ ማዕበሉ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ አትቀመጡበት። አሸዋው ላይ የተጋደመ ግንድ ላይም ልጅ አይውጣ። ጥቂት ውኃ ከሥሩ ሲገባ ግንዱ ይንሳፈፍና ይንከባለላል፤ ብዙ ሰው ተሸክሞ የማያነሣውን ግንድ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ያነሣዋል። ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ። ሕፃኑ በእቅፍ፣ ስድስት ዓመቷ በእጅ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አዋቂ፤ እናትሽን ከጠባቂዎቹ አትቁጠሯቸው፣ ፈጥነው መሮጥ አይጠበቅባቸውም።

ሰው በውኃ ከተወሰደ ዘላችሁ አትግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ የአደጋ ስልክ ደውሉ። ወደ ባሕር የሚጎትት ጅረት የያዘው ሰው ከጅረቱ ጋር መታገል የለበትም፤ ተንሳፍፎ ጉልበቱን ይቆጥብ፣ ከቻለ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ይውጣ።

የገደል ጠርዝም እንዲሁ ነው። ከላይ ሣር የለበሰው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ባዶ ነው፤ ማዕበሉ ቦርቡሮት ይሆናል። አጥሩ ካለበት በዚህ በኩል ቁሙ። ከሥሩም ድንኳን አትትከሉ፣ ምሳም አትብሉ፤ ድንጋይ ይወርዳል።


የሦስት ልጆች እናት፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ይቅርታ አብዝቼባችሁ ከሆነ። ጎማ ቢፈነዳ ወይም መኪናው ቢበላሽ መንገዱ ዳር የለውም። የት ነው የሚቆመው?


ፍሬንና ማርሽ፦

ጎማ ከሆነ እስከሚቀጥለው መቆሚያ ድረስ በቀስታ ሂዱ። ጎማው ይበላሽ፣ ቸርኬውም ቢጎዳ ይጎዳ፤ ከኩርባ ላይ መቆም አይሻልም። ጨርሶ ካልሄደ ድንገተኛ መብራቱን አብሩና ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ከመኪናው ቢያንስ 50 ሜትር ወደ ኋላ አስቀምጡት። ኩርባ አልፋችሁ ቆማችሁ ከሆነ ግን 50 ሜትሩ ኩርባው ውስጥ ይደበቃል፤ ከኩርባው በፊት፣ የሚመጣው ሹፌር ሳይታጠፍ በሚያየው ቦታ ይሁን። ሊያስቀምጥ የሚሄደው ሰው አንጸባራቂ ልብስ ለብሶ፣ መኪናዎቹን ፊት ለፊት እያየ፣ በመንገዱ ጠርዝ ይሂድ። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ይውረዱ፤ ከመኪናው ኋላ አይቁሙ፣ ገደሉ ጠርዝም ላይ አይቁሙ፤ ከመኪናው ፊት ራቅ ብለው፣ ከተቻለ ከብረት አጥሩ ወዲያ ጠንካራ መሬት ካለ እዚያ። ለእርዳታ ስትደውሉ ቦታውን ለመናገር መንገዱ ዳር ያሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች በየመቆሚያው ልብ በሉ፤ ትልቁ ልጅ ይህን ሥራ ቢይዝ ዓይኑም ከስክሪን ይርቃል።

ጨውንም አትርሱ። የባሕር ጤዛ መስታወቱ ላይ ሲደርቅ ነጭ ጉም ይሆንና ፀሐይ ስትወድቅ ከፊታችሁ ያለውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ጨውና አሸዋው ሳይታጠብ መጥረጊያውን ካንቀሳቀሳችሁ መስታወቱን ይቧጭረዋል፤ መጀመሪያ ከጠርሙስ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት፣ ከዚያ መጥረጊያው ይሥራ። ቤት በገባችሁ በሁለተኛው ቀን ደግሞ መኪናውን ከሥሩ፣ የጎማ ጉድጓዶቹን ውስጡን ጭምር፣ በንጹሕ ውኃ አሳጥቡ፤ ሳጥኑንም አውርዳችሁ ቁልፎቹን እጠቡ፣ ጨው የያዘው ቁልፍ በሚቀጥለው ጊዜ አይከፈትም።